ለእድሪስ የተቀመጠ እንቅልፍ

«አንድም ቀን አልጠጣችውም?»

«ሰሚራ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐኪሟ ዘንድ የወሰድካት አንተ ነህ፣ የመለስካት አንተ ነህ። በየሳምንቱ ኮል አድርጌ ስጠይቅህ ‹ይጠጣሉ› ስትለኝ የነበርከው አንተ ነህ። ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

ይሄ ያለችው ሻንጣውን ነው። እናቷ እትዬ ሐዋ ከሞቱ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። ላንድማርክ ያለውን አፓርትመንታቸውን ባዶ አድርገን ቁልፉን ለማስረከብ ሁለት ቀን ቀርቶናል። አልጋው ወጥቷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሏል። ከአልጋው ሥር የነበረውን ሰማያዊ ሻንጣ ሰሚራ ስትከፍተው ክፍሉን የደረቀ ሥርና የእንጨት ሽታ ሞላው። ከላይ ያልተለበሰ የወንድ ሸሚዝ፣ ምልክቱ ያልተነቀለ ጂንስ፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ የስፖርት ጫማ ነበር። ከሥር ደግሞ በነጭ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ እንደ ጡብ የተደረደሩ እሽጎች። የቻይናዊቷ ሐኪም የእንቅልፍ ሻይ።

«አንዳንዴ ይረሱ ነበር» አልኳት።

«ይሄ መርሳት ነው?» ብላ የያዘችውን እሽግ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ወረቀቱ ተቀደደና ቡናማ ፍሬዎቹ ባዶው እንጨት ላይ ተበተኑ።

እውነቷን ነው። እትዬ ሐዋ ምንም አይረሱም ነበር።

የተዋወቅነው ሊፍት ውስጥ ነው። እኔ ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እኖራለሁ፤ ቀን ቀን መኪናዬን በአፕ እያሠራሁ ሰው አመላልሳለሁ፤ ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ ማንም ያላስተማረኝን ግጥም እጽፍበታለሁ። ያን ቀን ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ ሲያዩኝ ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። እንቅልፍ ስለማጣት የጻፍኩት ግጥም ነው አልኳቸው። እስቲ አንብብልኝ አሉኝ። ሰባተኛ ፎቅ ስንደርስ አልጨረስኩም ነበርና የሊፍቱን በር በእግራቸው ይዘው እስክጨርስ አዳመጡኝ። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው የሚያስሩ ሴት ናቸው። ስጨርስ አላሞገሱኝም።

«እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ አያሳምርም፣ ናሆም» አሉ። «እንቅልፍ ያጣ ሰው በር ነው የሚቆጥር።»

የምን በር ብዬ ስጠይቃቸው በፎቁ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፁ ነገሩኝ። ጥጉ ላይ ያለው ሲዘጋ ሁለቴ ይመታል። የጋሽ ታደሰ በር ያቃስታል። የእኛው ደግሞ ቁልፉ ሲዞር እንደ ጥርስ ይፋጫል፤ ያ ማለት እኔ ስንት ሰዓት እንደምገባ ያውቃሉ ማለት ነው። እየሳቁ ነበር የሚነግሩኝ፤ ዓይናቸው ሥር ያለው ጥቁረት ግን አብሮ አልሳቀም።

ስልካቸውን በእጃቸው በሰፉት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርገው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሲጠራ አንዱን ጥሪ እንኳ አያስጨርሱትም። ሲያነሱ ሄሎ አይሉም፤ «አለሁ» ነው የሚሉት። ዕቃ የሚያሻሽጥ ቴሌማርኬተር ቢሆን፣ ሰሚራ ብትሆን፣ ክሊኒክ ቢሆን፣ «አለሁ»። አንድ ቀን ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ስጠይቃቸው መስመሩ ወዲያው ቢቋረጥ እንኳ ያቺን አንዲት ቃል ሰምቷት ይቋረጥ ብዬ ነው አሉኝ። የሚያወሩት ስለ ልጃቸው ስለ እድሪስ ነበር።

እድሪስ ከከሚሴ ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን የተሻገረ ልጅ ነው። የመጨረሻ ጊዜ ከየመን ደውሎ፣ ሳዑዲ ስገባ እደውላለሁ፣ ስልክሽን እንዳትቀይሪ ብሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። እትዬ ሐዋ ስልካቸውን አልቀየሩም። ሰሚራ ከባሏ ጋር ቤት ወደ ገዛችበት ወደ በርክ እንዲሄዱ ብትለምናቸው፣ ምድር ቤት ያለው ክፍል ሲግናል አይዝም ብለው እዚሁ ቀሩ።

እሳቸው ያላወቁትን እኛ እናውቅ ነበር። ከእድሪስ ጋር አብሮ የተጓዘ የከሚሴ ልጅ ሳዑዲ ገብቶ፣ ታስሮ፣ ተፈቶ፣ በመጨረሻ የሰሚራን ቁጥር አግኝቶ ደወለላት። እድሪስ በረሃው ላይ ቀርቷል። የቀበሩትም አብረውት የተጓዙት ናቸው። ሰሚራ ይህን ይዛ መጀመሪያ የመጣችው ጋሽ ታደሰ ዘንድ ነው፤ የጎንደር ሰው፣ የድሮ የጂኦግራፊ መምህር፣ አሁን የሌሊት ጥበቃ፣ እናቷ የሚያከብሯቸው የፎቁ ሽማግሌ። እኔም የተጠራሁት እንደ ጎረቤት ነው። ጋሽ ታደሰ ካዳመጡ በኋላ፣ ሳትተኛ የኖረች ሴት ላይ መርዶ አይጣልም፣ ልቧ ይቆማል አሉ። መጀመሪያ ሰውነቷ ይመለስ። እንቅልፏ ይስተካከል። ያኔ ወንድ ሴቱን ሰብስበን፣ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ በሯን እናንኳኳለን።

ሰሚራ እያለቀሰች አስማለችን። እናቷ እስኪተኙ ድረስ አንድ ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ።

እትዬ ሐዋ ኪኒን አልፈልግም ብለው ነበር፤ ኪኒን ከጣለኝ ስልክ አልሰማም ይሉ ነበር። ቅጠል ነው ሲባሉ ግን እሺ አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሱቅ ከልብስ ማጠቢያ ቤት አጠገብ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ነው። ቻይናዊቷ ሐኪም የእትዬ ሐዋ እኩያ ትሆናለች። ሁለቱንም እጃቸውን ተቀብላ በየተራ በሦስት ጣቷ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ምላሳቸውን አየች። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ጉበት ሲደክም ሐሳብ ማደሪያ ያጣል፣ ሌሊት ይዞራል አለችኝ።

ተርጉሜ ስነግራቸው «ጉበቴን በእጄ በኩል አየችው?» ብለው ሳቁ። ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ ሐኪሟም ሳቀች።

ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸውና ሌሊት ምን እንደሚያዳምጡ ጠየቀች። ለምን አይተኙም አላለችም፤ ምን ያዳምጣሉ ነው ያለችው። ተረጎምኩ። እትዬ ሐዋ ከረጢቷን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እድሜ ነው በላት» አሉኝ። እድሜ ነው አልኳት። ሐኪሟ ተነስታ መሳቢያዎቹን መክፈት ጀመረች።

ስትመዝን ማየት ደስ ይል ነበር። አንድ ትንሽ የእጅ ሚዛን፣ ቡናማ ፍሬ፣ ጠመኔ የሚመስል ነጭ ኩብ፣ የሚጣፍጥ ሥር። እትዬ ሐዋ ከሚዛኑ ላይ አንዷን ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ነከሱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ እኮ ቁርቁራ ነው» አሉ። «የኛው ዘመድ ነው። እኛ በቅጠሉ ሬሳ እናጥብበታለን፣ እነዚህ በፍሬው ሰው ያስተኛሉ።»

ሐኪሟ ሥርዓቱን ነገረችን። በሸክላ ድስት እንጂ በብረት አይፈላም። ይዘፈዘፋል፣ ሁለት ጊዜ ይፈላል፣ ሁለቱ ይቀላቀላል፣ ማታ ሞቅ እንዳለ ይጠጣል። ደግሞ ይህ የተቀመመው ለእሳቸው ሰውነት ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። የመጨረሻውን ደግማ ነገረችኝ። ደግሜ ተረጎምኩ። እትዬ ሐዋ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መኪና ውስጥ ስንገባ ግን፣ «ብቻዬን የምጠጣው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ነው የሚቀር» አሉ።

የሆነውም ይኸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድስቱ ይጣዳል፣ ሽታው ኮሪደሩን ይሞላል፣ እኔም ጋሽ ታደሰም እንጠራለን። እምቢ ብንልስ? የቤቱ ባለቤት ብቻዋን ስትጠጣ እያዩ መቀመጥ ነውር ነው፤ እሳቸውም እንግዳ ፊት ለራሳቸው ብቻ ከሚቀዱ ቢሞቱ ይሻላቸዋል። ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ቀን ጾም ነው፣ ምን እንዳለበት አላውቅም ብለው ሲግደረደሩ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ እንጨት ነው። እንጨት ይጾማል እንዴ? ይጠጡ» አሏቸው። ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። መራራም ኮምጣጣም ጣፋጭም ነው። ያን ቀን አሥር ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ጋሽ ታደሰ ለዓመታት መጋረጃ ዘግተው ሲታገሉት የነበረውን የቀን እንቅልፍ አገኙት። የሐኪሟን ትእዛዝ ማንኛችንም አላነሳነውም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አየሁ። ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይይዙታል፣ ወደ አፋቸው ያስጠጉታል፣ እያወሩ መልሰው ያስቀምጡታል። የሲኒው ከንፈር ደረቅ ነው። ስንነሳ ወደ ማጠቢያው ወስደው ይደፉታል። በአዘቦት ቀን ደግሞ ድስቱ አይጣድም፤ በበራቸው በኩል የማልፈው እኔ ነኝ፣ ሽታ የለም።

ከዚያ ሁለተኛ ዙር ልናመጣ ሄደን ስንመለስ፣ ትልቁ ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«አይተኸኛል አይደል? አልጠጣውም። እድሪስ ሲደውል እዚያ ጠዋት ነው፣ እዚህ ሌሊት ነው። ከተኛሁ ማን አለሁ ይለዋል?»

ፊት ለፊቴ ያለው ጭነት መኪና አልተንቀሳቀሰም።

«ደግሞ ሌላ ልንገርህ» አሉ። «ሊነጋጋ ሲል ኮሪደሩን ነው የማዳምጥ። የኛ ሰው መርዶ ይዞ የሚመጣ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ተሰብስቦ። የብዙ ሰው ኮቴ ይታወቃል፣ ቀስ ብለው ቢረግጡም ይታወቃል። ይሄው ስንት ዓመት በየንጋቱ ሊፍቱን አዳምጣለሁ፣ አልመጡም። ፀሐይ ስትወጣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ሞቶ ቢሆን ይመጡ ነበር። ልጄ አለ።»

መሪውን እንደያዝኩ ነበር። ከሚመጡት አንዱ እኔ እንደሆንኩ፣ የምንመጣበትም ቀን የእሳቸውን መተኛት የሚጠብቅ እንደሆነ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከኋላዬ ጡሩምባ ነፉብኝ። መንገዱ ተከፍቷል።

«ለሰሚራ እንዳትነግራት» አሉኝ። «ስትደክምልኝ ከረመች፣ ከንቱ ሆነ ብላ ትሰበራለች። በእናትህ ማልልኝ።»

ማልኩ።

ሰሚራ እናቷ እስኪተኙ አትነግራቸውም። እናቷ እስኪነገራቸው ወይም ስልኩ እስኪጠራ አይተኙም። ይህን ሁለቱንም የማውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበርኩ፤ በየሳምንቱም ሰሚራ ስትደውል «ይጠጣሉ፣ ግን እንቅልፋቸው ገና ነው» እላታለሁ። ለመርዶው እንዲበረቱ ያመጣንላቸውን ሻይ እኔና ጋሽ ታደሰ እየጠጣን ደህና እንተኛለን። እንደዚያ ክረምት ተኝቼ አላውቅም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ስተኛ፣ ከፊቴ ያለው በር ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጠው የእኔን ቁልፍ ያዳምጣሉ።

ሐኪሟ ከሁላችንም ቀድማ አውቃለች። መጨረሻ የሄድን ቀን እጃቸውን ይዛ ብዙ ቆየችና እሳቸውን ትታ እኔን አየችኝ። ይህች ሴት አትጠጣም አለችኝ። እትዬ ሐዋ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ።

«ትንሽ ይታገሱ ነው ያለችው» አልኳቸው።

እሳቸው እጇን ሳሟት። ሐኪሟም አዲሶቹን እሽጎች ስትሰጠኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

የሞቱት ማክሰኞ ነው። ጠዋት አልጋዬ ላይ እያለሁ ሰሚራ ደወለች። «እማዬ ስልክ አታነሳም። ሦስቴ ሞከርኩ፣ እስከ መጨረሻው ጠራ» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ጠራ ስትለኝ አወቅኩ። የሰጡኝን ትርፍ ቁልፍ ይዤ ገባሁ። መስገጃው ላይ በቀኝ ጎናቸው ጋደም ብለው፣ አንድ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገዋል። ከረጢቱ ውስጥ ስልኩ በራ፣ ሰሚራ ናት፣ አራተኛ ጊዜ። የተኙ መሰለኝ ልል ነበር፤ ግን ተኝተው አይቻቸው ስለማላውቅ ምን እንደሚመስሉ አላውቅም።

መስጊድ ያጠቧቸው ሴቶች የቁርቁራ ቅጠል ጠይቀው፣ ተፈጭቶ በላስቲክ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት ተገዝቶ እንደመጣ ሰሚራ ናት የነገረችኝ። ስትነግረኝ የሱቁ ሚዛን ትዝ አለኝ፤ ዝም አልኩ። ዝምታ በእኔ እጅ እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ ነበር።

አሁን ግን ሻንጣው ተከፍቷል።

«ጀስት ቴል ሚ፣ ንገረኝ ብቻ» አለች ሰሚራ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ለምንድነው የወንድ ልብስ ውስጥ ያስቀመጠችው?»

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፍሬዎቹን እየለቀምኩ ነበር። ይህን አንድ ቀን እሽጎቹን ሲደረድሩ ደርሼባቸው ራሳቸው ነግረውኛል።

«ለእድሪስ ነው» አልኳት። «‹እድሪስ ሲመጣ ስንት ዓመት ያልተኛ ሆኖ ነው የሚመጣ። የእሱን እንቅልፍ እኔ ጠጥቼ ልጨርስበት?› ነው ያሉኝ።»

ሰሚራ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሸሚዙን ከሻንጣው አወጣችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ኮሌታው ውስጥ ያለውን ካርቶን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው።

«እማዬ ታውቅ ነበር? መሞቱን?»

«አያውቁም ነበር። ጎህ ሲቀድ ያዳምጡ ነበር። ሰው ስላልመጣ በሕይወት አለ ብለው ነው የሞቱት።»

«ስላልመጣን?»

«አዎ።»

«ሲነጋ ሲነጋ እኛን ትጠብቅ ነበር?»

«አዎ፣ ሰሚራ።»

መስኮቱ መጋረጃ ስለሌለው ብርሃኑ ፊቷ ላይ ነው፤ አልሸሸችውም።

«መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለች። «ፈራሁ። ስትተኛ ትችለዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እኔ የማላውቀው ነገር ነበር። አንተ ግን የሷንም ታውቃለህ፣ የኔንም ታውቃለህ።»

«አስማሉኝ።»

«እኔም አስምዬሃለሁ።»

«አዎ።»

«አንዳችንን ብትነግር ያልቅ ነበር። ለኔ ብትነግረኝ በማግስቱ ሰው ሰብስቤ እመጣ ነበር። ታለቅስ ነበር። ትጮህ ነበር። ከዚያ ትተኛ ነበር፣ ናሆም። እናቴ አንድ ቀን ተኝታ ትሞት ነበር።»

በደብተሬ ውስጥ ስለ እሳቸው የጻፍኳቸው አሥራ ሰባት ገጾች አሉ፤ አንዱም መስመር ለዚህ አይሆንም። ያሳመርኳቸው ናቸው።

ሸሚዙን አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። ተነስታ ከግድግዳው ቻርጀሩን ነቀለች፣ ስልኩን ከነከረጢቱ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከሻንጣው አንድ ያልተቀደደ እሽግ አንስታ መጣችና፣ ፍሬ የሞላውን እጄን ከፍታ ከላዩ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አንተ ጠጣው» አለችኝ። «አንተን ያስተኛሃል።»

ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ኮቴዋን ሰማሁት፤ የአንድ ሰው ኮቴ ነው። ሊፍቱ መጣ። ከኋላዋ የእትዬ ሐዋ በር በገዛ ክብደቱ ቀስ ብሎ መጣ፣ ጥቂት አመነታ፣ ተዘጋ።